“እጅ ወደ ኋላ” ላለችን ለእትዬ መሰለች

የተከበራችሁ አባቶች፣ አባ ኃይለ ማርያም፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ ከየመዳሞቻችሁ ቤት ፈቃድ ለምናችሁ የመጣችሁ፣ ሳትለምኑም ዘላችሁ የመጣችሁ፤ አማርኛው ባይገባችሁም ፊቴን አይታችሁ የምትረዱኝ የሱዳን እህቶቻችን፤ እዚያ ጥላው ስር የቆማችሁ፣ ይሄን የመቃብር ቦታ ያልነፈጋችሁን የቅብጥ ክርስቲያን ወገኖቻችን፤ ሁላችንንም አንድ ላይ ያጽናን።

አብርሽ እባላለሁ። የማያውቀኝ ካለ ስልኩ ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው። ሐዳይቅ አል-መዓዲ፣ ከሜትሮው ፊት ለፊት ያለችው የሞባይል መጠገኛ የኔ ናት። ከዚህ እስከ ጊዛ ድረስ እንደኔ ስልክ የሚከፍት ሀበሻ የለም። ግብፃዊም መኖሩን እንጃ። ከትምህርት ጋር ግን ገና በጠዋቱ ነው የተለያየነው። ስለዚህ ጽፌ አልመጣሁም። የተጻፈ ንግግር የፈለገ ከኔ በኋላ የማኅበሩ ጸሐፊ አለላችሁ፤ እሱ ያነብላችኋል።

አባ “አጭር አድርገው” ብለውኛል። ልክ ናቸው። ሰዓት እላፊው ሳይደርስብን ቤታችን መግባት አለብን። አጭር አደርገዋለሁ። ግን አንዲት ነገር ሳልናገር ከዚህ አፈር ላይ አልነቃነቅም። ያስቸኮለው ሰው ካለ ጎትቶ ያውጣኝ።

እዚህ የተኛችው ማናት? አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። በፖለቲካ ነገር አገሯን ለቀቀች። ካይሮ ስትገባ ምን ሆነች? እናንተ የሆናችሁትን ሆነች። መዓዲ ውስጥ ሰው ቤት ጠረገች፣ የሰው ልጅ አሳደገች። አርብ አርብ ግን፣ ሁላችሁም እረፍት በምትወጡበት ቀን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ለሴት ልጆች ኮምፒዩተር ታስተምር ነበር። ኮምፒዩተር ብቻ መሰላችሁ? የትኛው ትምህርት ቤት ስደተኛ እንደሚቀበል ታውቃለች። ማመልከቻው ምን ተብሎ እንደሚሞላ ታሳያለች። ቢሮ ሲገባ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ “ምን ትችያለሽ?” ሲባሉ መሬት መሬት ሳያዩ እንዴት እንደሚመልሱ ታለማምዳለች። እናቶቻችን “የሰው ቤት ሠራተኛ ኮምፒዩተር ምን ያደርግላታል” ሲሉ ሰምታ “ወጥ ቤቱ ምን አደረገላት?” ትል ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቅድስት፣ ቀና በይ። ያቺውላችሁ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እትዬ መሰለች እዚህ አገር ልጅ አልነበራትም፤ ልጅ ከተባለ ልጇ ቅድስት ናት። ነገ እሑድ ጠዋት ቅድስት ሞሃንዲሲን ያለ አንድ የኮምፒዩተር ድርጅት ጋ ለፈተና ተጠርታለች። ካለፈች ዓመት ሙሉ አሠልጥነው ይቀጥሯታል። እዚያ ወንበር ላይ ጥቁር ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ጠይቄ ነው የምነግራችሁ፤ ለጽዳት እንጂ ለወንበር የገባች የለችም። ትላንት ለቅሶ ቤት የተወሰነው ግን ምንድነው? ቅድስት ትቀራለች ተባለ። ከሰልስት በፊት ልጅ ከለቅሶ ቤት አትወጣም ተባለ።

እኔ ደግሞ ትሄዳለች እላለሁ። በቃ፣ ጉዳዬ ይኸው ነው። አሁን እትዬ መሰለች ራሷ ምን እንደምትል ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ አውቃታለሁ።

መጀመሪያ የገባሁባት ቀን፣ ኮምፒዩተሮቿን ልጠግን ነው የጠራችኝ። ጠገንኩ። እኔ ስነካው የማይነሳ ማሽን የለም፤ ይሄን ታውቃላችሁ። አንዷ ልጅ ፋይሏ ጠፍቶባት አጠገቤ ትርበተበታለች። “ዞር በይ፣ ላሳይሽ” ብዬ ማውሱን ከእጇ ነጠቅኩ። ጠቅ ጠቅ አደረግኩና አወጣሁላት። ጭብጨባ ነበር የጠበቅኩት። እትዬ መሰለች ከኋላዬ መጥታ፣

“አብርሽ፣ ምን አስተማርካት?” አለችኝ።

“አወጣሁላት እኮ።”

“አንተ አወጣህ። እሷ ምን ተማረች? አንተ ፈጣን እንደሆንክ። እሱን እንኳ ዘወትር ትነግረናለህ።”

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ “እጅ ወደ ኋላ” አለችኝ። ፖሊስ የያዘኝ ነው የመሰለኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። “አሁን በአፍህ ንገራት።” ወገኖቼ፣ እኔ አብርሽ፣ ምላሴ በሐዳይቅ የታወቀ፣ አፌ ተያያዘ። እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም። “እዛጋ... እሱን... አይ፣ ያዕኒ፣ ያኛውን...” እላለሁ። ልጅቷ ግን ቀስ ብላ፣ እየተሳሳተች፣ ራሷ አገኘችው።

የዚያ ቤት ሕግ ይሄ ነበር። የሚያውቅ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። የማታውቀው ናት የምትነካው። እትዬ መሰለች ራሷ ስታስተምር ሁልጊዜ እጇን ከጀርባዋ አቆላልፋ ነበር የምትቆመው። ልጅቷ ስትሳሳት ሁላችንም እንቁነጠነጣለን። እጃችን ይበላናል። እሷ ግን “ተዋት፤ ትችላለች” ትላለች። ይሄን ቃል ያዙልኝ።

ሌላም ሕግ ነበራት። አንቱ ማለት ክልክል ነው። “አንቱ ያለኝ ሰው ጥያቄ አይጠይቀኝም” ትላለች። ለዚህ ነው በእድሜ እናቴ የምትሆነውን ሴት በመቃብሯ ላይ አንቺ የምላት። ድፍረት አይደለም። ትእዛዝ ነው።

አሁን ልጠይቃችሁ። አብዮቱ የፈነዳ ጊዜ፣ ጥር ላይ፣ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ኢንተርኔቱ ጠፋ። ስልኩ ጠፋ። አርብ ነበር፤ የትምህርት ቀን። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። የሰፈሩ ወንዶች ዱላ ይዘው መንገድ ወጡ። እኔም ወጣሁ፤ የኔ ዱላ ከሁሉም ይረዝም ነበር። እትዬ መሰለች ትምህርቱን ዘጋች እንዴ?

አልዘጋችም። ከበረንዳ ጠራችኝ። “አንተ ባለ ዱላ፣ ኬብል ይዘህ ና።”

“እትዬ፣ ኢንተርኔት እኮ የለም።”

“ኮምፒዩተር አለ አይደል? ዛሬ ኔትወርክ ማለት ምን እንደሆነ ይማራሉ። መንግሥት ገመዱን ሲነቅል እኛ ገመድ ምን እንደሆነ እናውቃለን።”

በእግራቸው የመጡ ጥቂት ልጆች ነበሩ። አንዱን ኮምፒዩተር ሳሎን፣ አንዱን ወጥ ቤት አስቀመጠች። ኬብሉን በበረንዳ በኩል ዘረጋን። ጫፉን ማን ይሰር? ኬብል ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ አለ፤ በየቀለማቸው ተደርድረው ካልገቡ አይሠራም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነገር ነው። “እጅ ወደ ኋላ” ተባልኩ። ቅድስት ያዘችው። ያኔ ከመጣች ብዙም አልሆናትም፤ ሰው ፊት መናገር የማትችል ልጅ ነበረች። አሰረች፤ አልሠራም። ቆርጣ ጣለችው። እንደገና አሰረች፤ አልሠራም። እኔ በረንዳ ላይ ሞትኩ። “እትዬ፣ ኬብሉ አለቀ እኮ” አልኳት። “ኬብል ይገዛል። ተዋት፤ ትችላለች።”

ሠራ። ከሳሎን አንዲት የደቡብ ሱዳን ልጅ “አለሽ?” ብላ ላከች። ከወጥ ቤት ቅድስት ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? “ሻይ ፈልቷል።” ያን ቀን በዚያ ሰፈር የሚሠራ ኔትወርክ የኛ ብቻ ነበር። እኔ ነኝ የምላችሁ። ከተማው ሁሉ ጨልሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጥቁር ሴት ልጆች ከሳሎን ወጥ ቤት ሻይ ይጠራሩ ነበር።

የደቡብ ሱዳኗን ሳነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከኛው ማኅበር “ለሀበሻ ልጆች ብቻ ይሁን” ያሉ ነበሩ። ስም አልጠራም፤ እዚሁ ስላላችሁ። ምን አለቻቸው? “መንገድ ላይ ‘ያ ሳምራ’ ብለው የሚጮሁብን ፓስፖርታችንን አይተው ነው?” አለች። ጥቁር ብለው በጅምላ ከሰደቡን በጅምላ እንማራለን አለች። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይስ? ቴሌቪዥኑ ሁሉ ግድብ ግድብ ያለ ጊዜ። ከማይክሮባስ “ሀበሻ ነሽ፣ ውረጂ” የተባላችሁ አላችሁ። እኔን እንኳን ሱቄ ድረስ መጥተው፤ ማለቴ፣ እኔን ማን ይነካኛል፣ ግን መጥተው ነበር። የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ደረጃውን ወጥታ የእትዬ መሰለችን በር ትደበድባለች። “ውሃችንን ልትዘጉብን ነው” ትላለች። ልጆቹ ጠረጴዛ ስር ሊገቡ ደርሰዋል። እትዬ መሰለች በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ “ሐጋ” ብላ በአክብሮት ጠራቻት።

“ሐጋ፣ እዚህ ፎቅ ላይ እኮ ውሃ አይደርስም። በባልዲ እየተሸከምኩ የማወጣው እኔ ነኝ። ውሃው በኔ እጅ ቢሆን መጀመሪያ ወደራሴ ቤት አላመጣውም?”

ሴትዮዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ዋጠችውና በሩን አንዴ መትታ ወረደች። ወዳጅ አልሆኑም፤ ተረት አልነግራችሁም። ግን ትምህርቱ ተዘጋ እንዴ? አልተዘጋም። ነሐሴ ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ተዘጋ እንዴ? ወደ ጠዋት አዞረችው እንጂ አልተዘጋም። ልቧ መድከም ሲጀምር፣ ደረጃውን በየፎቁ እየተቀመጠች ስትወጣ፣ ተዘጋ እንዴ?

ሆስፒታል ከገባች በኋላ እንኳን አልተዘጋም። ረቡዕ ዕለት እኔ እዚያ ነበርኩ። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። ቅድስት ልትጠይቃት መጣች፤ ብርቱካን ይዛለች። እትዬ መሰለች ዓይኗን ገልጣ በአረብኛ፣

“ማን ነሽ?” አለቻት።

“እኔ ነኝ፣ እትዬ።”

“እኔ ነኝ የምትባል ሴት አልጠራሁም። ለፈተና የጠራሁት ቅድስትን ነው። ውጪና እንደገና ግቢ።”

ወጣች። ገባች። ግን እንዴት ገባች መሰላችሁ? በጎን፣ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፤ መዳም ፊት ሰሃን እንደያዘ ሰው።

“ወጥ ቤት አይደለም የገባሽው። ውጪ።”

እንደገና ወጣች። እንደገና ገባች። “ድምፅሽ አልተሰማኝም። ውጪ።” አጠገቧ የተኛች አንዲት የግብፅ ሴትዮ ነበረች፤ እሷም ታማለች። መጨረሻ ላይ መረራትና “ሀራም ነው፣ ልጅቷን ቅጠሪያትና እንተኛበት” አለች።

ቅድስት ተናደደች። ብርቱካኑን እኔ ላይ ወርውራ ወጣች። በሩን በርግዳ ገባች። አልጋው ጫፍ ቆመችና፣ “ቅድስት እባላለሁ። ኔትወርክ በእጄ ዘርግቻለሁ። ከኔ በኋላ የመጡትን ልጆች አስተምሬያለሁ። የምሠራበት ቤት ኮምፒዩተር ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። ትፈልጉኛላችሁ ወይስ ሌላ ቦታ ልሂድ?” አለች።

የግብፅ ሴትዮ ከአልጋዋ ቀና ብላ አጨበጨበች። እትዬ መሰለች ሳቀች፤ ሳቁ አሳላት። “ኸላስ፣ በቃ” አለች። “እሑድም እንደዚሁ ተናደሽ ግቢ።”

በማግስቱ አረፈች። ከቅድስት በኋላ ሌላ ትምህርት አላስተማረችም። የመጨረሻ ቃሏ ለማን ምን እንደነበር እንጃ፤ የመጨረሻ ትምህርቷ ግን ይሄ ነው። እሑድ ግቢ። እሑድ ነገ ነው።

ጋሽ ገብረ መድኅን፣ አይቆጡኝ። ወገኖቼ፣ ሽማግሌያችን ጋሽ ገብረ መድኅን ክፉ ሰው አይደሉም። ሬሳዋን ከሆስፒታል ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ይሄን ቦታ ለምነው ያገኙት እሳቸው ናቸው። ትላንት ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እኔ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፣ ግን ሲያዩኝ ዞር አልኩ። ታዲያ ትላንት ምን አደረጉ? ለቅድስት አዝነው፣ በራሳቸው ስልክ ድርጅቱ ጋ ደወሉ። “ልጅቷ ለቅሶ ላይ ናት፤ ለሳምንት አዙሩላት” አሉ። እኛ አገር ለቅሶ ከተባለ ሥራውም ይቆማል፣ ሠርጉም ይቆማል። እዚያስ ምን አሏቸው? በትህትና አጽናኗቸው። ቀጥለው “ማሌሽ፣ እሑድ ያልመጣ ቦታው ለሚቀጥለው ነው” ብለው ዘጉት። ማሌሽ ማለት እዚህ አገር “አይዞህ” ብሎ በር መዝጋት እንደሆነ ለናንተ አልተረጉምም።

ጋሽ ገብረ መድኅን ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ “እንግዲህ እግዚአብሔር ያላለው ነው” አሉ። ቅድስት ደግሞ “እሺ፣ እቀራለሁ” አለችና ስልኳን አጠፋች። ቅድስት፣ የጠፋ ስልክ ማብራት የማን ሥራ እንደሆነ ረሳሽው?

እሰማዎታለሁ፣ እማማ ወለተ ማርያም። “ሰው ምን ይላል?” እያሉ ነው። ሰው እኮ እኛ ነን። ሁላችንም እዚህ ቆመናል። ካይሮ ውስጥ የሚያማን ሌላ ሀበሻ የት ቀረ? እኛ ካላማናት ማን ያማታል?

ሐዘኑን አልናቅኩም። ሰልስቱን እንቀመጣለን። ዳሱ ባይኖር ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። እኔ ሱቄን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ሱቄን ስዘጋ አይታችሁኝ ታውቃላችሁ? በር ጥበቃው፣ ውሃ መቅዳቱ፣ እንግዳ መቀበሉ የኔ ነው። ቅድስት ስትመለስ ቦታዋ ይጠብቃታል። ማንም እንዳይቀመጥበት አደርጋለሁ። እናንተ ግን ንገሩኝ። እትዬ መሰለች ኢንተርኔት ሲጠፋ ያልዘጋችውን፣ በሯ ሲደበደብ ያልዘጋችውን፣ በሰዓት እላፊ ያልዘጋችውን፣ በሞቷ ልንዘጋው ነው? መንግሥት ያልቻለውን፣ የታችኛዋ ሴትዮ ያልቻለችውን፣ እኛ በሐዘን ልንችለው ነው? እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ነው የቀበርነው። ሁለት አይደለም።

አባ፣ እርስዎን አስቀድሜ ጠይቄዎታለሁ፤ ምስክሬ ይሁኑ። “ልጅቷ ብትሄድ ኃጢአት ነው?” አልኩዎት። ምን አሉኝ? “ጸሎቱ በእግሯ አይደለም፤ እኛ እንጸልያለን” አሉኝ። አመሰግናለሁ። አንገትዎን እየነቀነቁልኝ ነው፤ ሁላችሁም እዩ።

ልብሱን በተመለከተም ሐሳብ አይግባችሁ። ከል ለብሳ ትሄዳለች። እዚህ አገር ለቢሮ ፈተና የሚለበሰው ጥቁር ነው፤ እንዳውም የተዘጋጀች ይመስላቸዋል። በሐዳይቅ ሜትሮ ገብታ፣ ሳዳት ጣቢያ እስካሁን ዝግ ስለሆነ ሹሃዳ ወርዳ ትቀይራለች፤ ዶኪ ላይ ማይክሮባስ ትይዛለች። ልሸኛት አስቤ ነበር። አሁን ግን ተውኩት። እኔ ከሸኘኋት በር ላይ እኔ ነኝ የማወራው፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። እናቶች፣ ነገ ጠዋት ቅድስት ከለቅሶ ቤት ስትነሳ እጃችሁን ዘርግታችሁ ነጠላዋን ልትይዙ ትፈልጋላችሁ። አውቃለሁ። በፍቅር ነው። “ልጄ፣ የት ትሄጃለሽ” ልትሉ ነው። እንዳትይዟት። እጅ ወደ ኋላ። እስቲ አሁኑኑ እንለማመድ። ጋሽ ገብረ መድኅን፣ እርስዎም። የሱዳን እህቶቼ ቀድመውን አደረጉ፤ እነሱ ሕጉን ያውቁታል። እንደዚህ። አቆላልፉት። አዎ፣ ይበላል። እኔንም ይበላኛል። ሰው ሲለቁ እንደዚህ ነው የሚበላው።

ቅድስት፣ አየሽ? ማንም አልያዘሽም።

እትዬ መሰለች። ካይሮ መጥተሽ አርፈሽ አታውቂም፤ አሁን እረፊ። እዚህ ደረጃ የለም፣ ባልዲ የለም፣ የሚደበደብ በር የለም። አፈሩ እንዳይከብድሽ እኔው ነኝ በእጄ ያለሳለስኩት፤ ከኔ የተሻለ የሚያለሳልስ አላገኘንም። ነገ ጠዋት አንዲት ልጅ ሞሃንዲሲን አንድ በር በርግዳ ትገባለች፤ ተናዳ። ምናልባት ትሳሳታለች። ምናልባት ያቺን የሽቦ ቀለም ከዚያኛው ጋር ታምታታለች። ያን ጊዜ ካለሽበት ልትነሺ ይቃጣሻል። እጅሽ ይበላሻል።

እንዳትነሺ፣ እትዬ። እጅ ወደ ኋላ።

ተያት፤ ትችላለች።